ከጭን የመጣ ፈገግታ

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው «ጋሽ ቀደዳ» ብሎ ነው። መቀስ ይዞ እውነት የተናገረበት ቀን የለም። ደንበኞቹ ግን አይቀየሙትም ነበር። ቀደዳውን ሲጨርስ የግራ ከንፈሩ ጫፍ ብድግ ትላለች፤ መስታወቱ ውስጥ ያዩዋትና በሳቅ ይፈርሳሉ።

አንድ ጠዋት ያ ግራ ፊቱ ሽባ ሆኖ አደረ። ዓመት ቢታሽ አልነቃ አለ። ምላሱ ግን ደህና ነበር፤ ጣጣው እሱ ነው። ደንበኛውን ጡረተኛ መምህር «መላጣ በሽንኩርት ታሽቶ ፀሐይ ከመታው ያበቅላል» አላቸው። የቀደዳው ምልክት፣ የከንፈሩ ብድግታ፣ የለችምና አመኑት። አናታቸው ተልጦ፣ ሰፈሩን በሽንኩርት አጥነው መጡ።

«ሁለተኛ እግሬን አታያትም!»

ሌሎቹም ተከተሏቸው። ወንበሩ ባዶውን ቀረ።

«አርፈህ ዝም ብለህ ብትቆርጥስ?» አለችው ሚስቱ።

«ዝም ብዬማ በግ ልሸልት!»

በመጨረሻ ሆስፒታል ገባ። ቀዶ ሐኪሟ ከጭኑ ቁራጭ ጡንቻ ወስዳ ጉንጩ ውስጥ ሰፋችው፤ ከማኘኪያው ነርቭ ጋርም አገናኘችው።

«ወራት ይፈጃል። ከዚያ ጥርስዎን ሲነክሱ ከንፈርዎ ይነሳል።»

«ዶክተር፣ እኔ በማንም ላይ ጥርሴን ነክሼ አላውቅም።»

«አሁን ይነክሳሉ። መስታወት ፊት፣ በቀን ሦስቴ።»

በስምንተኛው ወር ከንፈሩ ተነሳች። ሮጦ መምህሩ ቤት ሄደ።

«መምህር፣ ለይቅርታ ነው የመጣሁት። ዛሬ ቀደዳ የለም። ያኔ ፊቴ ሞቶ ነው ቀልዴ ያልታወቀው። አሁን ከጭኔ ሥጋ ቆርጠው ጉንጬ ውስጥ ሰፉልኝ።»

መምህሩ በመነጽራቸው አናት አዩት። «የጭን ሥጋ?»

«የጭን ሥጋ!» እልህ ያዘውና ጥርሱን ነከሰ። ከንፈሩ ብድግ አለች።

መምህሩ ሳቃቸው አመለጣቸው። «አንተ ቀጣፊ! ታዲያ ስትሮጥ ልትስቅ ነው?»

«እውነቴን ነው እኮ!» በንዴት የባሰ ነከሰ፤ ከንፈሩም የባሰ ወጣች። በዕድሜው አንድ እውነት ቢናገር የሚያምነው ጠፋ። ጠባሳውን ሊያሳይ ሱሪውን መጠቅለል ጀመረ።

መምህሩ ግን እንባቸውን እየጠረጉ ኮፍያቸውን አንስተው ነበር። «በል ቅደም፤ የቀረችኝን ዳር ዳሯን ታስተካክላለህ። መቀስህ ዶልዱሞ ከሆነ ወዮልህ!»

የጠቀለለውን የሱሪ እግር ቀስ ብሎ ወደ ታች መለሰ።

«እንዲያውም መምህር፣» አለ መንገድ ላይ፣ «ጉንጬ ዛሬ ጠዋት ካልሲ ጠይቆኛል።»