በየሰኔው የምትታመመው ካምፐር

“ምኞቱን የበላችበት ይቺ የተረገመች መኪና ናት” አለች በርኒስ፣ ላመጣችው የድንች ትሪ ቦታ ፍለጋ የሌላ ሰው ትሪ በክርኗ እየገፋች። በርኒስ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች አለቃ ናት፤ በዚያች የኔብራስካ ከተማ እሷ ሳታዝ ሰው ተቀብሮ አያውቅም። “ምስኪን መርል! ውቅያኖሱን አያለሁ እንዳለ ሄደ። መኪና በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ይታመማል እንዴ? ልክ እንደ ፈተና ቀን ተማሪ!”

“እ” አለች አርሊስ። ባሏ መርል ከሞተ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ሰው የሚላትን ሁሉ “እ” እያለች ትቀበላለች።

በወጥ ቤቱ መስኮት ወንዶቹ ይታያሉ። የዚያ አገር ወንዶች ለቅሶ ሲደርሱ መቀመጥ አይሆንላቸውም፤ ወጥተው ጎማ ያለው ነገር ከበው ይቆማሉ። ዛሬ የከበቡት የመርልን ካምፐር ነው፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ መታጠቢያው ሁሉ ውስጡ ያለ፣ አውቶቡስ የሚያህል መኪና። አንዱ ጎማውን በእግሩ ነካ ያደርጋል፤ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። መካኒኩ ጎረቤታቸው ኤልደን ከስሩ ገብቶ የሚታየው ጫማው ብቻ ነው።

በረዶ በጣለ ቁጥር መርል ካርታውን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋ ነበር። ልጃቸው ከርት ፍል ውሃ ከመሬት የሚተፋበትን፣ የሎውስቶን የተባለውን ፓርክ ይመርጣል። መርል ራሱ ከፍ ከፍ ያሉትን ተራሮች በጣቱ እየወጣ ይወርዳል፤ የትኛው መንገድ ጠባብ እንደሆነ፣ የት ቁርስ እንደሚበሉ ሳይቀር ያወራል። አርሊስ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የኦሪገን የባሕር ዳር። በቆሎ እርሻ መሃል ነው ያደገችው፤ ማዶው የማይታይ ውሃ ማየት ትፈልጋለች። “በሚቀጥለው ሰኔ” ይላታል መርል፣ ጉንጯን ስሞ።

አንድ ጊዜ በእርግጥም ተነስተው ነበር። ዋዮሚንግ ውስጥ መንገዱ ተራራውን መዞር ሲጀምርና በቀኝ በኩል መሬቱ ጠፍቶ ገደል ሲሆን፣ መርል ወሬውን አቋረጠ። ቀጥሎ ፍጥነቱን ቀነሰ። ቀጥሎ መንገዱ መሃል ቆመ። እጁ መሪውን አልለቅ አለው፤ አርሊስ ጣቶቹን እየለቀመች ነው ያላቀቀችው። ከኋላ የደረሰ የከብት መኪና ሾፌር ምንም ሳይጠይቅ ካምፐሩን አዙሮ ሜዳው ድረስ አወረደላቸው። መርል ያን ሁሉ መንገድ በሁለቱ ወንበሮች መሃል ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱን በባርኔጣው ሸፍኖ ነበር። ትንሹ ከርት ከኋላ አልጋው ላይ እንቅልፉን ይለጥጣል። ሲነቃ “ፍሪጁ ተበላሸና ተመለስን” ተባለ፤ አይስክሬምም ተገዛለት።

ባልና ሚስቱ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነጋገሩም።

በዓመቱ ሰኔ ላይ፣ ሊነሱ በተሰናዱበት ማለዳ፣ አርሊስ በመስኮት አየችው። መርል በፒጃማው ሆኖ የሞተሩን ክዳን ከፈተ፤ አንዲት ሽቦ ነቅሎ ኪሱ ከተተ፤ ክዳኑን እንዳይጮህ በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ገጠመው። ሲገባ እንቁላል ጠበሰችለት።

“መኪናዋ እንቢ ልትለን ነው መሰለኝ” አላት።

“አይ የኛ ነገር!” አለችው።

ኤልደን ጠግኖ እስኪጨርስ ከእረፍታቸው የሚተርፈው ለቅርቡ ሐይቅ ብቻ ይሆናል። በየዓመቱም እንዲሁ ሆነ። ሐይቁ ዳር ደግሞ መርልን የሚያህል ሰው አልነበረም፤ ለሰፈረው ሁሉ ዓሣ ይጠብሳል፣ የማያውቀውን ሰው ድንኳን ይተክላል፣ ልጅ አዋቂውን ያስቃል። አርሊስ እዚያ ትወደዋለች፤ እዚያው ደግሞ ትናደድበታለች። ተናገሪው ተናገሪው ይላትና እጁን መሪው ላይ ታስታውሳለች፤ ትተወዋለች።

ከቀብሩ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ምሳ ተበላ። ከርት ብርጭቆውን በማንኪያ አንኳኩቶ ቆመ።

“አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ውቅያኖሱን እንደተመኘ ሞተ” አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። “እረፍቴን ወስጃለሁ። ቅዳሜ እኔ፣ ባለቤቴ ታሚ፣ ልጆቹና እማ በራሱ ካምፐር ኦሪገን እንሄዳለን። የአባቴን ሕልም እንፈጽምለታለን!”

ያላለቀሰ የለም። በርኒስማ ሰውነቷ እስኪናወጥ ነው ያለቀሰችው። አርሊስም አለቀሰች፤ የእሷ ግን ንዴት ነበር። ይሄን ሁሉ ዓመት ሳትሄድ የቀረችበት መንገድ፣ አሁን ደግሞ የሱ ምኞት ሊባል ነው።

ቡና ልትቀዳ ስትነሳ ኤልደን ተከተላት። ጥግ ይዘው ቆሙ።

“አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪኝ” አላት በሹክሹክታ። “የምትጎድለው ሽቦ ሁልጊዜ ያቺው ነበረች። ሽቦ ደግሞ ብቻዋን ተነቅላ ኪስ አትገባም።”

“ታውቅ ነበር?”

“አንዴ ‘መሬት ወድቃ አገኘኋት’ ብሎ ሲሰጠኝ ከረሜላ ተጣብቆባት ነበር። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም። ሰው የገዛ መኪናውን የሚያበላሸው ቢቸግረው ነው።”

አርሊስ ሳቀች፤ ሳቋ ራሷን አስደነገጣት። “ለማንም አላልክም?”

“ለማን እላለሁ? ይልቅ ለቅሶ የደረስን ዕለት ከስሯ ገብቼ በደንብ አየኋት። ምንም የላትም። ቁልፉን ገና ሳዞረው ተነሳች።”

 ሰኔ ነው፤ መኪናዋ ደህና ናት፤ የሚያበላሻት የለም። ሬሳውን አይታለች፣ አፈር ሲለብስም አይታለች፤ መርል ለእሷ የሞተው ግን ገና ያኔ ነው። አለቀሰች፤ ኤልደን ስኒውን ከእጇ ወሰደላት። ከለቅሶው ስር ደግሞ ደስታ ነበር፤ ልሄድ ነው የሚል ደስታ። በራሷ አፈረች። ደስታው ግን ስላፈረች አልሄደም።

ማታ ከርት ሳህን ሲያጥብ አጠገቡ ቆማ ታደርቅ ጀመር።

“ከርት፣ ያልከው ልክ አይደለም። ውቅያኖሱን የተመኘሁት እኔ ነኝ።”

“እንዴ፣ አባባ እኮ ሁሌ…”

“አባትህ ካርታውን ነበር የሚወደው። መንገዱን አልቻለውም።”

“አልቻለውም ስትዪ? እንደሱ ያለ ሾፌር ማን አለ?”

“ሰው ሁሉ የማይችለው ነገር ይኖረዋል። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ፤ አልነግርህም።” ሳህኑን አስቀመጠች። “እሱን ማሰብ ከፈለጋችሁ ሐይቁ አለላችሁ፤ ሄዳችሁ ዓሣ ጥበሱለት። ኦሪገን ግን የኔ ነው። በእኔ ስም ከሆነ ቅዳሜ እነሳለሁ። በእሱ ስም ከሆነ ሂዱ፤ እኔ እዚሁ ነኝ።”

ከርት ውሃውን ዘጋ። እናቱ ይሄ የኔ ነው ስትል ሰምቶ አያውቅም።

“በአንቺ ስም ይሁን፣ እማ” አለ በመጨረሻ። “ቆይ፣ ያን ያህል ዓመት ፈልገሽው ዝም አልሽ?”

“ባሌ ነበር” አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ማን አልጋው ላይ ይተኛል በሚል ሲናቆሩ፣ ታሚ በቀብሩ ዕለት ለለቀስተኛው የታደለውን የመርልን ፎቶ ይዛ መጣች። ፊቱን ወደ ውጭ አድርጋ የፊት መስታወቱ ላይ በፕላስተር ለጠፈችው።

“ጉዞው የእማ ነው፣ ገብቶኛል” አለች እየተሽኮረመመች። “ግን አባባም ከፊት ሆኖ ይይ። ተራራውንም፣ ገደሉንም፣ ሁሉንም።”

“ጎሽ፣ የኔ ልጅ” አለቻት አርሊስ።

ታሚ ልጆቹን ልታስማማ ወደ ኋላ ሄደች። ከርት የቤቱን በር ይቆልፋል። አርሊስ ከፊት ወንበሯ ላይ ብቻዋን ቀረች። ጎንበስ ብላ ፕላስተሩን ወረቀቱ እንዳይቀደድ በጥፍሯ ቀስ አድርጋ ላጠች፤ ፎቶውን አዞረችው። ጀርባው ወደ መንገዱ፣ ፊቱ ወደ ወንበሮቹ፣ ወደ ልጆቹ ጫጫታ ሆነ። መልሳ ለጠፈችው። ከርት ገብቶ ቁልፉን ሲያዞር አውራ ጣቷ ገና ፕላስተሩን እየተጫነ ነበር።