ወንድምህን ጥራልኝ

«እናቱ ስትሞት ያልመጣው ይሄ ነው?» አለች አንዲት ሴት፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሟቹን ፎቶ በአገጯ እያመለከተች።

«እሱ ነው። ፊልም ላይ ነበር አሉ። ሲያልቅ እመጣለሁ ብሎ።»

ሁለቱም ከንፈራቸውን መጠጡ። የሟች ታናሽ ወንድም፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከኋላቸው ተቀምጦ ሁሉንም ሰማ። የያዘው ሻይ ከቀዘቀዘ ቆይቷል። ከቀብር ወዲህ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ የመጣው ሁሉ «እግዜር ያጥናህ» ይለዋል፣ እሱም «አሜን» ይላል። አጠገቡ የተቀመጠችው ታላቅ እህቱ፣ እትዬ፣ እስካሁን አላለቀሰችም። ከሟቹ ጋር አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ተኳርፋ ስለነበር ምን ብላ እንደምታለቅስ የጠፋት ትመስላለች።

ያቺን «ሲያልቅ እመጣለሁ» የምትል ቃል ግን ሟቹ ብሏት አያውቅም። የፈጠራት እሱ ነው፣ ፀጉር አስተካካዩ።

ወንድሙ የሲኒማ ቤት ፊልም አሳይ ነበር። ጋሼ ነበር የሚለው። ጋሼ ታናሽየውን በልጅነቱ በኋላ በር እያስገባ የካቦይ ፊልም ያሳየው ነበር። ከሁሉም የሚወዱት አንዱን ነው፤ ወንድሙን የገደለበትን ሰው ፍለጋ አስራ ሁለት ዓመት በፈረስ ስለተንከራተተ ሰው። ሚስቱ ትታው ትሄዳለች፣ ከብቶቹ ያልቃሉ፣ ፂሙ ይሸብታል፤ እሱ ወይ ፍንክች። ታናሽየው ትንፋሹን ውጦ ሲያይ ጋሼ ይስቅበታል።

«እኔን የሚያሳዝነኝ ፈረሱ ነው» ይላል። «አክተሩስ ወዶ ነው።»

«ገዳዩን ያገኘዋል ግን?»

«ቁጭ ብለህ እይ።»

ቁጭ ብሎ ግን አይቶ አያውቅም። መጨረሻው ሳይደርስ እናቱ ለእራት ታስጠራዋለች። ኋላም ፊልሙ ወደ ሌላ ከተማ ሄደና ሳይመለስ ዓመታት አለፉ። የተመለሰው እናቱ አልጋ በያዘችበት ወር ነው።

«ወንድምህን ጥራልኝ» አለችው በዚያ ከሰዓት። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር፣ ልቧ ግን አልሳተም። እትዬን አጠገቧ ትቶ ሮጠ። ሲኒማ ቤቱ ሁለት መንገድ ቢያሻግር ነው። ትኬት ቆራጯ ስለምታውቀው በእጇ «እለፍ» አለችው። ወደ ማሳያ ክፍሉ የሚያወጣው ደረጃ ከአዳራሹ በስተኋላ ነበር፤ መጋረጃውን ገልጦ ሲገባ ሸራው ላይ ፈረሰኛው መጣ። ፂሙ ሸብቷል። ሊያልቅ የቀረው ትንሽ መሰለው።

አንድ ደቂቃ ብቻ፣ አለ በልቡ። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ፈረሰኛው ሰውየውን አገኘው። ሰውየው ዓይኑ ጠፍቶ፣ ደጁ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። «ማነው?» አለ። ፈረሰኛው ተኮሰ። ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት እዚያው ቀረ።

መብራት ሲበራ ሃያ አምስት ደቂቃ አልፏል። ደረጃውን እየዘለለ ወጥቶ ጋሼን ጎትቶ አመጣው። ሲደርሱ እትዬ የእናታቸውን ዓይን ከድናለች።

«የት ነበራችሁ?»

አፉ ቀደመው። «እኔማ ጠርቼው ነበር። ሲያልቅ እመጣለሁ ብሎኝ ነው።»

ጋሼ ዞር ብሎ አየው። ከዚያ ወደ እናቱ አልጋ አለፈ።

ያችን ውሸት አቅፎ ለመኖር ወንድሙን መጥላት ነበረበት፤ ጠላውም። ጋሼ ከሩቅ ሲመጣ መንገድ ይቀይራል። ደንበኛ ወንበሩ ላይ ባስቀመጠ ቁጥር፣ ምላጩን እየሳለ፣ እናቱን ለፊልም ስለሸጠው ሰው ያወራል። ሚስቱ «ሌላ ወሬ የለህም?» እስክትለው ድረስ ነጋ ጠባ ይሄው ነበር። ብሎ ብሎ ለራሱም እውነት መሰለው፤ ንዴቱማ የምር ንዴት ነበር፣ እንቅልፍ ይነሳው ነበር።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን የሲኒማ ቤቱ ትኬት ቆራጭ መጣች። አርጅታለች። ለእትዬ አንገቷን ደፍታ እጅ ነሳችና እሱ ጎን ተቀመጠች።

«ያን ቀን ስትገባ አይቼሃለሁ» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «መጋረጃው ጋ ቆመህም አይቼሃለሁ።»

ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ለወንድምህ ነግሬዋለሁ። ለምን አትናገርም ብለው፣ ‹ተይው፣ እሱ ይሄን አይችለውም› አለኝ።»

«አሁን ልትነግሪያቸው ነው የመጣሽው?»

«እኔ ምን አገባኝ፣ ልጄ? ሟቹን ልሰናበት ነው የመጣሁት።» ሻይ እንኳን ሳትቀምስ ተነስታ ሄደች።

ሰው እስኪሳሳ ጠበቀ። ሰው ሲሳሳ ደግሞ ሌላ ሰው ቢገባ ብሎ ተመኘ። የገባ የለም።

«እትዬ፣ አልጠራሁትም።»

«ማንን?»

«ጋሼን። እማዬ ጥራው ስትለኝ ገብቼ ፊልሙን አየሁ። እሱ ምንም አያውቅም ነበር። የነገርኩት ካለቀ በኋላ ነው።»

ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ። ቢመቱት ይቀለው ነበር። እትዬ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠመጠመች፣ ፈታች፣ መልሳ ጠመጠመች።

«በየወሩ ይመጣ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ደጁን ያንኳኳል። እኔ ሬዲዮኑን ከፍ አደርጋለሁ። ትንሽ ይቆምና ይሄዳል።»

ከዚያ ብድግ አለች። ትታው ልትወጣ ነው ብሎ አስቦ ነበር፤ እሷ ግን አንድ ወንበር ዘላ ተቀመጠች። መሀላቸው ያለው ባዶ ቀረ።

ለቀስተኞች ገቡ። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ቦታ ሲፈልጉ ቆዩና ወደ ባዶው ወንበር መጡ። ፀጉር አስተካካዩ ሳያስበው እጁን ወንበሩ ላይ አሳረፈ። ዞር ሲል የእህቱም እጅ እዚያው ነበር።

«ይቅርታ አባባ» አለች እትዬ። «ሰው አለበት።»

ሽማግሌው ወደ ሌላ ቦታ አለፉ። ሁለቱም እጃቸውን አላነሱም።