ጋሽ መቀስ ስልክ ሲደውሉ

ብስክሌት አከራይዋ ሴትዮ እየተናገረች ነበር። ጋሽ መቀስ ከንፈሯን ለማየት ሞከሩ፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ የኋላውን ጎማ በአውራ ጣቷ እየጫነች ስለነበር የታያቸው የሻሿ ቋጠሮ ብቻ ነው። እንደ ልማዳቸው ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ገባዎት አባባ?" አለች ቀና ብላ። ይቺን እንኳ ከአፏ አነበቧት።

"ምን የማይገባ ነገር አለው? ብስክሌት እኮ ነው፤ አውሮፕላን አይደል!"

ሴትየዋ ሳቀች፤ አብራቸው የመጣችው ልጃቸውም ሳቀች። ጋሽ መቀስ ያልሰሙት ነገር ይህ ነበር፦ የኤሌክትሪክ ብስክሌት በሞተሩና በባትሪው ምክንያት ከባድ ስለሆነ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ እያደረጉ ነው የሚወርዱት። አንቀው ከያዙት ይግልና አልይዝም ይላል።

ጋሽ መቀስ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ፀጉር አስተካካይ ነበሩ፤ አሁንም ናቸው። ጆሯቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ ግን ፀጉር ቤት መስታወት አለ። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲያወራ በመስታወቱ ውስጥ አፉን እያዩ ያነባሉ፤ የጎደለውን በግምት ይሞላሉ። ግምት ደግሞ ሁልጊዜ አይመታም። ባለፈው ወር አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ "ሪዜን እንዳይነኩብኝ" ቢላቸው "ሪዜን ያንሱልኝ" ያለ መስሏቸው ሙልጭ አድርገው ላጩት። ሰውየው ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ያሳደገውን ሪዝ አጥቶ ከንፈሩን በመዳፉ ሸፍኖ ወጣ።

ወሬ እግር አለውና ትንሿ ልጃቸው ዘንድ ደረሰ። ልጅቷ የሒሳብ መምህርት ናት፤ ክፍል ሙሉ ተማሪ በአንድ ዓይኗ ቀጥ ታደርጋለች፤ ለአባቷ ግን ዛሬም "ጩጬ" ናት። የጆሮ መስሚያ ገዝታ ያመጣችላቸው እሷ ነች። እሳቸው ደግሞ እሷ ስትመጣ ያደርጉታል፤ በሩን ዘግታ ስትወጣ ያወልቁታል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ "አባዬ፣ በሐይቁ ዙሪያ በብስክሌት እንሂድ፤ ተራራውንም በሞተር ስለምንወጣው አንደክምም" ስትላቸው እሺ አሉ። ያለ ነገር እንዳልጠራቻቸው ግን ገብቷቸዋል። ጩጬ ነገር ሲኖራት መጀመሪያ ታበላለች፤ ታዝናናለች፤ ከዚያ ነው የምታወጣው።

መንገዱ ሐይቁን በግራ ይዞ ይሄዳል። ጋሽ መቀስ ፔዳሉን ረገጥ ሲያደርጉት ሞተሩ ከኋላ "አይዞህ" እንደሚል ሰው ገፋ አደረጋቸው። ሳያስቡት ሳቁ። ውኃው ዳር ዳሩ አረንጓዴ፣ መሐሉ ጥቁር ሰማያዊ ነበር፤ ከላዩ ላይ የሚመጣው ንፋስ ግን መስሚያቸው ውስጥ ገብቶ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ቆመው ሁለቱንም አወለቁና በትንሿ ሳጥናቸው ከተቱ።

"እስቲ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢልኝ። ራሴን ሊያፈነዳው ነው።"

ጩጬ ፊቷን አጨፈገገች፤ ነገር ግን ተቀብላ ከብስክሌቷ ኋላ በታሰረው ቦርሳ ውስጥ አስቀመጠችው። ዳገቱን ጎን ለጎን ወጡት። አንድ ጊዜ እንኳ ወርደው አልገፉም።

ጫፉ ላይ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አውጥታ ድንጋይ ላይ ዘረጋች። ጋሽ መቀስ 'መጣች' አሉ በሆዳቸው። እውነትም ጥቂት ቆይታ ፊቷን ወደ ፊታቸው አዞረችና ለሰነፍ ተማሪ እንደምታስረዳው ቃል በቃል ተናገረች።

"አባዬ፣ ፀጉር ቤቱን ዝጋና እኔ ጋ ግባ።"

"ምኑን ልዝጋ?"

"ፀጉር ቤቱን! እኔ ጋ ክፍል አለ። ብቻህን መኖር ይበቃሃል።"

"እኔ ዕቃ ነኝ? ከዚህ አንስተሽ እዚያ የምታስቀምጪኝ?"

"ባለፈው መኪና ጥሩምባ እየነፋብህ መሐል መንገድ ቆመህ አልነበር? ጎረቤት ሁሉ አየ!"

"ሹፌሩ ዕብድ ነበር።"

"አትሰማም አባዬ! አት-ሰ-ማም!"

ይህን ለማንበብ መነጽርም አላስፈለጋቸውም። የያዙትን እንቁላል ድንጋዩ ላይ አስቀምጠው ተነሡ፤ የራስ ቆባቸውን አጥልቀው ብስክሌታቸው ላይ ወጡ። ጩጬ ምግቡን እየሰበሰበች እጇን አወናጨፈች፤ "ጠብቀኝ" ማለቷ ነበር። አልጠበቋትም። እንደተቆጡት ልጅ አኩርፈው ብቻቸውን ቁልቁለቱን ጀመሩት።

ቁልቁለቱ ረጅም ነው። በቀኝ የተራራው ግድግዳ፣ በግራ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ሐይቁ። ንዴቱም ፍርሃቱም ተደምሮ ጋሽ መቀስ ሁለቱንም ፍሬኖች ጨብጠው ያዙ፤ አለቀቋቸውም። መጀመሪያ የተቃጠለ ነገር ሸተታቸው። ከሥር መንደር የሚነድ ቆሻሻ መሰላቸውና መውረዳቸውን ቀጠሉ። አንዱን ኩርባ አለፉ፤ ሌላውንም አለፉ። ሽታው አብሯቸው ወረደ። ከዚያ የቀኝ እጃቸው ፍሬን ለስለስ አለባቸው፤ ግራውም ተከተለ፤ ወዲያው ሁለቱም እንደ ቅቤ ቀልጠው መሪው ላይ ተኙ።

ደግመው ጨበጡ። ምንም የለም።

ብስክሌቱ ነጻ እንደተለቀቀ በሬ ሸመጠጠ። አስፋልቱ ከሥራቸው እንደ ጎርፍ ይሮጣል። የሚያስደነግጠው ዝምታው ነበር። የጎማ ጩኸት የለ፣ የንፋስ ድምፅ የለ፤ ዓለም አፉን ዘግቶ ወደ ገደሉ ይወስዳቸዋል። እግራቸውን መሬት ላይ ለማሳረፍ ሞከሩና ጫማቸው ተመንጭቆ ሊጥላቸው ሲል መልሰው አነሡት። 'ልዝለል' ብለው አሰቡ። 'ብዘል እሰበራለሁ፤ ባልዘል ኩርባው አያዞረኝም።'

በዚህ ጊዜ በግራቸው በኩል ጥላ አለፈ። ጩጬ ነበረች። አፏ እስከ ጥግ ተከፍቷል፤ ለካ ከላይ ጀምሮ ስትጮህ ነው የመጣችው። እየጮኸች መሆኗ ምንም እንደማይጠቅም ያኔ የገባት መሰለች፤ አፏን ዘጋችና አንድ እጇን ከመሪው አንሥታ ወደ ቀኝ ወደ ፊት ጠቆመች። ከተራራው ሥር መንገድ ሠሪዎች የተዉት የጠጠር ክምር አለ። ዞራ ዓይናቸውን አየች። ደግማ ጠቆመች።

ጋሽ መቀስ መሪውን ወደ ቀኝ አዞሩ። የፊት ጎማው ጠጠሩ ውስጥ ሰመጠ፤ እሳቸው ከመሪው በላይ ተነሥተው በደረታቸው ክምሩ ላይ ተዘረገፉ።

ለጥቂት ጊዜ እንደተኙ ቆዩ። እጃቸውን አንቀሳቀሱ፤ እግራቸውን አንቀሳቀሱ። መዳፋቸው ተልጧል፤ የመነጽራቸው አንዱ መስታወት ተሰንጥቋል፤ ሌላው ደኅና ነው። ሳቃቸው መጣ።

"ጩጬ! አየሽልኝ? እንደ ጆንያ ተራገፍኩ እኮ!"

ዘወር አሉ። መንገዱ ባዶ ነበር።

ፈጥነው ተነሡና እያነከሱ ወደ ኩርባው ወረዱ። ከክምሩ የተበተነ ደቃቅ ጠጠር እስከ ኩርባው ድረስ አስፋልቱን ሸፍኖታል። በጠጠሩ መሐል የጎማ መሥመር ነበር፤ መሥመሩ ቀጥ ብሎ ሄዶ መንገዱ ጠርዝ ላይ ያበቃል። ወደ እሳቸው ዞራ ስታይ ከፊቷ ያለውን ኩርባ አላየችም።

እስከ ጠርዙ ሄዱ። በሆዳቸው ተኝተው ወደ ታች አዩ። ብስክሌቱ ከነቦርሳው ሩቅ፣ ከታች ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሏል። ጩጬ ከዚያ በላይ፣ ልቅ ድንጋይ በተከመረበት ሸርተቴ ላይ በጀርባዋ ተኝታለች፤ አንድ እግሯ ከጉልበት በታች ሊሆን በማይገባው አቅጣጫ ዞሯል። ከሥሯ ከትንሽ ጠርዝ በቀር ሐይቁ ነው። ዓይኗ ተከፍቷል። አፏ ይንቀሳቀሳል።

"ምን አልሽ?"

አፏ ተንቀሳቀሰ። ርቀቱ አያስነብብም።

"አልሰማሽም!" ብለው ጮኹ። "ልጄ፣ አልሰማሽም! እኔ አልሰማም!"

ለመውረድ አንድ እግራቸውን አሳለፉ። ወዲያው ከጫማቸው ሥር ድንጋይ ተፈነቀለና እየነጠረ ከራሷ አጠገብ አለፈ፤ የተኛችበት ሸርተቴም ከእሷ ጋር ትንሽ ወረደ። ጩጬ ሁለቱንም እጆቿን አርገበገበች። አትምጣ ነው። ከዚያ አውራ ጣቷንና ትንሿን ጣቷን ዘርግታ ጆሮዋ ላይ አደረገች።

ስልክ።

ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር። የአከራይዋ ቁጥር ብስክሌቱ ላይ ተለጥፏል፤ ሮጠው ሄደው ከጠጠሩ ውስጥ አነበቡት፤ ስልኩ ላይ መቱት። ከልማድ ወደ ጆሯቸው ወሰዱ፤ ምን ሊሰሙ? መልሰው ፊታቸው ላይ አደረጉት። የጥሪውን ጊዜ የሚያሳዩት ቁጥሮች ሲቆጥሩ አዩ። አንድ ሰው አንሥቷል፤ ወይም "የደወሉላቸው ደንበኛ" የምትለዋ መሣሪያ ናት። በምን ያውቃሉ?

ጋሽ መቀስ ለሐኪም እንኳ በግማሽ አፍ የነገሩትን ለማያዩት ሰው ተናገሩ።

"ሄሎ። ጆሮዬ አይሰማም። የሚሉኝን ምንም አልሰማም፤ ስለዚህ ዝም ብለው ያዳምጡኝ። ጠዋት ከልጄ ጋር ብስክሌት የተከራየሁት ሽማግሌ ነኝ። ልጄ ከተራራው ማዶ ቁልቁለቱ ላይ ገደል ገብታለች። በሕይወት አለች። ገመድና ሰው ይዛችሁ ኑ። ሰምታችሁኝ ከሆነ በጽሑፍ መልሱልኝ። በጽሑፍ!"

ያንኑ ደገሙት። ሦስተኛ ጊዜ ሲጀምሩ መስመሩ ተቋረጠ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠበቁ። ምንም። ወደ ጠርዙ ሄደው አዩ፤ ጩጬ እጇን አነሣች። ተመልሰው ደወሉ። አሁንም ቁጥሮቹ ቆጠሩ፤ አሁንም ከባዶው ጋር አወሩ፤ አሁንም ተቋረጠ። ላብ መነጽራቸው ላይ ተንጠባጠበ። ሰው አለ እያሉ ለድንጋይ እየነገሩ ቢሆንስ?

ስልኩ መዳፋቸው ውስጥ ተንዘረዘረ። በደኅናው መስታወት አጮልቀው አነበቡ፦ "ሰምቻለሁ አባባ። ከጫፉ ስንተኛው ኩርባ ነው?"

አልቆጠሩም። ተናደው ነበራ! ዙሪያቸውን ቃኙና ደወሉ። "የጠጠር ክምር አለ። ሐይቁ ውስጥ ከፊት ለፊቴ ተጠጋግተው የቆሙ ሁለት ቋጥኞች ይታዩኛል። ከዚያ ሌላ አላውቅም።"

መልሱ ፈጥኖ መጣ፦ "አወቅሁት። እየመጣን ነው። ሰው እንዳይነካት፣ እንዳትተኛም።"

ጋሽ መቀስ ወደ ጠርዙ ተሳቡ። የጩጬ ዓይን እየተከደነ ነበር።

"ጩጬ! እየመጡ ነው! እንዳትተኚ። እኔ ባልሰማ አንቺ ትሰሚኛለሽ፤ በየመሐሉ እጅሽን እያነሣሽ አሳዪኝ።"

እጅ ተነሣ።

አወሩ። ፀጉር ቤት ውስጥ እንኳ እንደዚያ አውርተው አያውቁም። ስለ እናቷ፣ በልጅነቷ ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ስለሚያሽከረክሯት፣ ስለመጣላቸው ሁሉ ለፈለፉ። እጇ አንዴ ይነሣል፤ አንዴ ይዘገያል። ሲዘገይ "ጩጬ!" ብለው ይጮኻሉ። ወሬ ቢያልቅባቸው የባንኩን ሥራ አስኪያጅ አመጡ።

"እኔ ሙልጭ አድርጌ ጨርሼ፣ 'በል ተመልከት፣ ሙሽራ መስለሃል' እለዋለሁ። ሰውየው መስታወቱን አየ። ወንበሩን ዞሮ አየ። ለካ ሌላ ሰው የተቀመጠ መስሎታል!"

የጩጬ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። እየሳቀች ነበር። ከሥሯ ያለው ድንጋይ ተንሸራተተ፤ ጀርባዋ ወደ ታች ወረደ፤ የደኅናው እግሯ ተረከዝ ጠርዙ ላይ ነክሶ ቆመ።

"አትሳቂ! ኧረ በእናትሽ አትሳቂ!"

ድንጋዮች አንድ በአንድ ወደ ውኃው ወደቁ። ከዚያ በኋላ ጋሽ መቀስ አልቀለዱም። እየደጋገሙ "አለሁ" ብቻ አሉ። "አለሁ። አለሁ። እጅሽን።"

ሰው ትከሻቸውን ሲነካቸው ብርግግ አሉ። መኪናው ከኋላቸው መጥቶ ሲቆም አልሰሙም። አከራይዋ ከሁለት ጀልባ ቀዛፊዎችና ከአንዲት ነርስ ጋር ነበረች። ቀዛፊዎቹ ገመዱን ከመኪናው ላይ አስረው ከሸርተቴው ጎን፣ ከጠንካራው ዐለት በኩል ወረዱ። እግሯን በሳንቃ አሥረው፣ ወገቧን በገመድ አድርገው፣ ስንዝር በስንዝር አወጧት። ጋሽ መቀስ ገመዱን ይዘው ከማንም በላይ ጎተቱ፤ የተላጠው መዳፋቸው ገመዱን ደም አደረገው።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ብዙ ተቀመጡ። ሐኪሙ ሲወጣ ወረቀት እያየ መናገር ጀመረ። ጋሽ መቀስ ራሳቸውን ሊነቀንቁ ቃጣቸውና ተዉት።

"ዶክተር፣ አልሰማም። ቀና ይበሉና ፊቴን እያዩ ይንገሩኝ።"

ሐኪሙ ይቅርታ ጠይቆ አጠገባቸው ተቀመጠ። አጥንቷ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ በብረት ተጠግኗል። እግሯ ይድናል። ብዙ ወር በክራንች ትሄዳለች። የቤት ሥራ የሚያግዛት ሰው አላት ወይ?

"አለ" አሉ ጋሽ መቀስ። "እኔ ጋ ነው የምትገባው።"

ክፍሏ ሲገቡ ተኝታ ነበር። ፀጉሯ ውስጥ ደቃቅ ጠጠር ሞልቷል። ከደረት ኪሳቸው ማበጠሪያ አወጡና ራሷን ሳያንቀሳቅሱ፣ ከጫፍ ጀምረው ቀስ እያሉ ያወጡት ጀመር፤ ጠጠሩን አልጋው አጠገብ ባለችው ሳህን ላይ ያስቀምጣሉ። ጥቂት ቆይታ ዓይኗን ገለጠች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

ጎንበስ አሉ። "ምን አልሽ? ድገሚልኝ።"

ደገመችላቸው፣ ቀስ ብላ። ውኃ ነበር የጠየቀችው። ብርጭቆውን አንሥተው፣ አንገቷን ደግፈው አጠጧት።