ቀይዋ ጣውንቴ

ባለቤቴ ፊሊጶስ ጣውንት አምጥቶብኝ ነበር። ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ጃፓን ሠራሽ። አር ኤክስ ሰቨን ትባላለች። ቤታችን የመጣ እንግዳ ታሪኳን ሳይሰማ እህል አይቀምስም፤ የሌላው መኪና ሞተር በፒስተን ሲሠራ የእሷ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት እያሽከረከረ እንደሚሠራ፣ በፈረንጅ 1978 መመረት እንደጀመረች፣ ሦስት ትውልድ እንዳላት፣ አሜሪካ ውስጥ አዲሷ መሸጧ የቆመው በ1995 እንደሆነ። እኔ የማውቀው ቤንዚንም ዘይትም እንደምትጠጣ ነው። ደከመኝ ስለው፣ እሷም ደክሟታል፣ አትናገሪያት ይለኛል።

ፊሊጶስ በሞተ በአራተኛው ቀን፣ በቀብሩ ጠዋት፣ ልጃችን ዳኒኤላ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፤ በአባቷ መኪና ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ። በሽታው ከጠናበት በኋላ ሞተሩን አውርደው የጠገኑት እሷና እሱ አብረው ነው። እሺ አልኳት። እምቢ ማለትም ጉልበት ይፈልጋል። አራት ቀን ሙሉ ለቀስተኛ ስቀበል አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣኝም። ሰዉ ጠንካራ ናት ይላል። ጥንካሬ አይደለም፣ ድካም ነው።

አሜሪካ፣ ሴንትራል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ያለው ጠባብ መንገዳችን በጠዋት በመኪና ተጨናነቀ። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ሥዩም ወንበር የጫነ ቫን ይዘው መጡ። ደግ ሰው ናቸው፤ ለቅሶ ቤት ሥራ ካዩ ማንንም አይጠይቁም። ቁልፉን ከግድግዳው ላይ አንስተው ቀይዋን መኪና አሥር እርምጃ ያህል ፈቀቅ አደረጓትና አጠፏት።

ያቺ መኪና ደግሞ በብርድ ተነሥታ ሳትሞቅ ከጠፋች ሞተሯን ቤንዚን ያጥለቀልቀዋል። ዳኒኤላ ጥቁር ለብሳ ገባች፤ ቁልፉን ብታዞር፣ ብታዞር፣ ወይ ፍንክች።

"ጋሽ ሥዩም፣ ሙቭ አድርገዋት ነበር?"

"ቫኑን ፓርክ ላድርግ ብዬ ነው፣ ልጄ። ቤንዚን እንዳትጨርስባችሁ ወዲያው አጠፋኋት።"

ዳኒኤላ መሪው ላይ ተደፋች። በእንግሊዝኛ ያለችውን አልደግመውም። ጋሽ ሥዩም ደንግጠው ቆሙ፤ ሰዉ ሁሉ በእኛ መኪና ነይ እያለ ይጎትታት ጀመር። ፍትሐቱ ሊጀመር አርባ ደቂቃ ቀርቶታል። ልጄ ከአባቷ የቀራትን የመጨረሻ ነገር በአሥር እርምጃ ልታጣው ነው።

"ውረጂ" አልኳት።

ነጠላዬን ለጋሽ ሥዩም ሰጥቼ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሌላ ቤንዚን እንዳይገባ የነዳጁን ፊውዝ ነቀልኩ። ከዚያ ገብቼ ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ረገጥኩና ቁልፉን አዞርኩ፤ አረፍ አልኩ፤ ደግሜ አዞርኩ። ወርጄ ፊውዙን መለስኩ። ለቀስተኛው አፉን ይዞ ያየኛል። ዳኒኤላ ማን እንዳሳየኝ ጠየቀች።

"ሃያ ዓመት ሙሉ ይቺ መኪና እምቢ ስትል ከአባትሽ ጋር ማን ያስነሣት ነበር?" አልኳት።

በሦስተኛው ሙከራ አንገራገረች፤ ነጭ ጭሷን ለቀስተኛው ላይ ለቀቀችና ተነሣች። ጋሽ ሥዩም መስኮቱን መትተው በቃ እንሂድ፣ ሰዓት ሄደ አሉኝ። እስክትሞቅ አትንቀሳቀስም፣ አሥር ደቂቃ ስጡኝ አልኳቸው።

ያን አሥር ደቂቃ አውቀዋለሁ። ፊሊጶስ የማታ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ እኔ ገና ሳይነጋ ኦበርን ከተማ መጋዘን ሥራ እገባለሁ። ባልና ሚስት ሆነን የምንቀመጠው እሑድ፣ መኪናዋ እስክትሞቅ ነበር። የምትይዘው ሁለት ሰው ስለሆነ ማንም አይጨመርብንም። እኔ እራገማታለሁ፣ እሱ ይስቃል። ከዚያ የተሻለ ጊዜ አብረን አላሳለፍንም፤ ይህንንም አንድ ቀን አልነገርኩትም።

ዳኒኤላ በሌላው በር ልትገባ መያዣውን ስትነካ እጄን አነሣሁ።

"ትንሽ ቆዪ፣ ልጄ" አልኳት።

ባዶውን ወንበር በእጄ ዳበስኩና በአራት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ።