ያለው የሌለበት መጽሐፍ

ፋንታ ስለ ሟች አባቱ የጻፈውን ረቂቅ አስተይቦ ቢቸና ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። አባቱ አቶ ያለው የእህል ነጋዴ ነበር፤ ወዳጄም። መጽሐፉ ለሙት ዓመቱ ታትሞ ለእንግዳ ይታደላል ተብሏል። የፋንታ እናት ዘርፈሽ ዓይኗ ጠፍቷል። የምትጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ባሏ ሲነበብ መስማት።

«ፋይናል ነው ጋሼ። ኤዲት ብቻ ነው የቀረው፤ ፊደሏን ይዩልኝ።»

አየሁ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ በየቦታቸው ተቀምጠዋል። መጽሐፉ ከኖኅ ይነሣል፤ በነገሥታት በኩል ዞሮ የፋንታ የሥልጠና ሰርተፍኬቶች ላይ ያርፋል። አባቱ መሐል ላይ አንዴ «ታታሪና አገር ወዳድ» ተብሎ ታልፏል።

«ኖኅ ምን ያደርግልሃል?»

«መነሻ ነዋ ጋሼ።»

«ሞጣ ለመሄድ በአራራት ይዞራል እንዴ? አባትህ የሞጣው ነጋዴ የአብዱሰመድ አጋሰስ ነጂ ነበር። ወንዝ ሞልቶ ሲወስዳቸው እንስሳቱን ከነጭነታቸው ለቆ ሰውየውን ያዘ። አብዱሰመድም ሸሪክ አደረገው። ከዚያ ጀምር። የቀረውን ጣለው።»

«የአጋሰስ ነጂ ልጅ ልባል? ቢሮ ያሉት ያነቡታል እኮ!»

«ያነቡታል ያለህ ማን ነው?»

ረቂቁን መለስኩለት።

«ሁሉ አለበት፤ ያለው ግን የለበትም። ያለውን አስገባ» አልኩት።

ከቀናት በኋላ ሲመለስ ፊቱ በርቷል። «አስገባሁት ጋሼ!»

ገለጥኩ። በየገጹ የአባቱን ስም ሰክቶበታል። «ኖኅ መርከቡን ሲሠራ የአቶ ያለው ዘር...» ይላል። ቅኔ ቤት ደጃፍ አድጎ ሰሙን አላምጦ ወርቁን የሚተፋ ሰው እሱን አየሁ። እንደዚያው አሳተመው።

የሙት ዓመቱ ዕለት ድንኳን ውስጥ ቆሞ ያነብ ጀመር። አብዱሰመድ ከሞጣ በአውቶቡስ መጥቶ ከአጠገቤ ተቀምጧል። ዘርፈሽ አንገቷን አዘንብላ ታዳምጣለች። ውኃው ጎደለ፤ ርግቢቱም ተላከች።

«ፋንታ፣ አባትህ መቼ ነው የሚመጣ?»

«እማ፣ ስጠራው ነው እኮ የቆየሁ!»

«ስሙንማ ሰማሁ።» ፊቷን ወደ እኛ መለሰች። «አብዱሰመድ፣ አለህ?»

«አለሁ።»

«እስቲ አንተ ንገረኝ። ከወንዙ ጀምርልኝ።»

አብዱሰመድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዝናቡ ደጋው ላይ ነው የጣለ፤ እኛ ታች አላወቅንም...» ሲል ሰዉ ወንበሩን ወደ እርሱ አዞረ። ዘርፈሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፈገግ አለች። ፋንታ ጣቱን ኖኅ ላይ እንዳደረገ ቆሞ ቀረ።