የተረፈችው ብሎን

መምሬ ወልደ ሰንበትን «ይገዝቱ!» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው አልልም፤ ሰይጣን ስንት ሥራ አለበት፣ እኔ ጋ ምን ያመላልሰዋል! ያሳሳተኝ ይኼው አፌ ነው።

ደብረ ማርቆስ ላይ ላፕቶፕ መጠገን ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ዕድሜዬ ሃምሳ ሊሞላ ሁለት ቀርቶታል። ግልፍተኛ ነኝ፣ አልክድም፤ በሥራዬ ግን ማንም አይናገረኝም እያልኩ ነው የኖርኩት። «ደመላሽ የነካው ተመልሶ አይመጣም» የሚለውን ወሬ መጀመሪያ ያስወራሁት ራሴ ሳልሆን አልቀርም።

በጥምቀት ማግሥት መምሬ ወልደ ሰንበት የደብራቸውን ላፕቶፕ ይዘው መጡ። ደብሩ ከከተማው ወጣ ብሎ በአምበር መንገድ ነው። ምእመናኑ አዋጥተው የገዙት አንድ ላፕቶፕ አላቸው፤ የክርስትናውም የጋብቻውም መዝገብ እሱ ላይ ነው። የምትጽፈው አርሴማ የምትባል የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ናት። ልጅ አልኩ እንጂ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ጉንደ ወይን ከሚያስተምር ይስማው ከሚባል ዲያቆን ጋር በተክሊል ልትጋባ ለየካቲት ስምንት፣ ለቅበላው እሑድ፣ ቀን ተቆርጦላታል። ያን ቀን ከመምሬ ጋር አብራ መጥታ ነበር።

«ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ይላል» አለችኝ። «ስጽፍ ዓይኔን እስኪያመኝ ድረስ። አንዳንዴ ጭራሽ ይጨልምና ክዳኑን ነካ ሳደርገው ይመለሳል።»

«እንግዲህ ቁጭ በሉ» አልኩ። ሰው እያየኝ መሥራት ደስ ይለኛል። ስክሪኑን የሚያዘውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፤ ያው ነው። ከቻርጀሩ ነቅዬ በባትሪ ብቻ አስነሳሁት፤ ያው ነው። ከዚያ ግድግዳ ላይ ከሰቀልኩት ቴሌቪዥን ጋር አገናኘሁት። የላፕቶፑ ስክሪን እየተንቀጠቀጠ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ግን ጸጥ ብሎ ቆመ።

«አያችሁ? ማሽኑ ጤነኛ ነው። ሕመሙ ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ኬብል ላይ ነው።» ክዳኑን ቀስ እያልኩ ወደ ፊት ወደ ኋላ አደረግሁት። ግማሽ ሲከፈት ይረጋል፤ ወደ ኋላ ሲተኛ ይንቀጠቀጣል። መምሬ «ወይ ጥበብ!» አሉ። እኔም ደረቴ ተነፋ።

ገልብጬ ከፈትኩት። የክዳኑ ማጠፊያ አጠገብ መኖር ያለባት አንዲት ብሎን የለችም። በዚያ በኩል ማጠፊያው ላልቷል፤ ኬብሉም ከቦታው ወጥቶ ከሥሩ ገብቷል። ክዳኑ በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር ሲያኝከው ከርሞ ተልጧል።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ነሐሴ ላይ ይኸው ላፕቶፕ እየጋለ አስቸግሯቸው፣ እኔው ከፍቼ አቧራውን አጽድቼው ነበር። ብሎኗን ሳጣት እሱ ትዝ አለኝ። ትዝ ብሎኝ «እኔ? እኔ ብሎን እረሳለሁ?» ብዬ በሆዴ አባረርኩት። አባርሬው ዝም ብል እንኳ ምን ነበር!

«ይኼን ሰው ከፍቶታል» አልኩ።

«ማን?» አሉ መምሬ።

«እኔ ምን አውቄ! ብሎን መቼም በእግሯ ወጥታ አትሄድም። የማያውቅ ሰው ጎርጉሮ ጎርጉሮ፣ መግጠም ሲያቅተው እንደነገሩ ዘግቶታል። የቢሮው ቁልፍ ማን እጅ ነው ያለው?»

ቁልፉ ያለው ሁለት ሰው እጅ ነው፤ መምሬና አርሴማ። አርሴማ ፊቷ ልውጥ አለ። «ጋሼ ደመላሽ፣ እኔ ካቻቢቴ እንኳ ይዤ አላውቅም» አለች።

«አንቺ ነሽ አልኩሽ? ያየሁትን ነው የምናገረው!» ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ ወደ መምሬ ዞሬ ያንን ቃል አወጣሁት፤ «የቤተ ክርስቲያን ዕቃ አይደለም እንዴ? ይገዝቱና ይውጣ!»

መምሬ አቀረቀሩ። ለግዝት የሚቸኩሉ ሰው አይደሉም። «እርግጠኛ ነህ ልጄ?» አሉኝ።

«በሥራዬማ አይጠርጥሩኝ!»

«ይገዝቱ አባቴ» አለች አርሴማ። «እኔም አሜን እላለሁ።»

እሑድ ለምስክርነት ተጠርቼ ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ያየሁትን፣ ያየሁ የመሰለኝን፣ ለሕዝቡ ተናገርኩ። መምሬ መስቀላቸውን አንስተው «ይህን ንብረት የጎዳ፣ ሲጎዳም አይቶ የሸሸገ፣ ወጥቶ እስኪናገር ድረስ ከቁርባኑ የተለየ ይሁን!» አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። አርሴማ ከሁሉም ጮክ ብላ ነው ያለችው። እኔም ብያለሁ።

ማንም አልወጣም። ሰው ደግሞ ሥራ ሲፈታ ጣቱን ይቆጥራል፤ ቁልፍ ያላቸው ሁለት፣ አንደኛው ቄስ፣ የቀረችው ማን ናት? ወሬው ከአውቶቡስ ቀድሞ ጉንደ ወይን ገባ። የይስማው ቤተሰብ ሽማግሌ ልከው «ነገሩ እስኪጣራ ሠርጉ ይቆየን» አሉ። ግዝት ያለበት አይቆርብም፤ ሳይቆርቡ ደግሞ ተክሊል የለም። ቅበላ ካለፈ ሁዳዴ ይገባል፤ በጾም ማን ይድራል! ይኼንን የነገረችኝ ባለቤቴ ያለምወርቅ ናት፤ ከገበያ ሰምታ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» አለችና ይስማውን ረገመችው። እኔ ራቴን መብላቴን ቀጠልኩ።

ያዘዝኩት ኬብል በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ከአዲስ አበባ መጣልኝ። አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን በቦታው አስተኛሁ። የቀረችው ያቺ ብሎን ናት። ምትክ ፍለጋ መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ ስቤ አወጣሁት።

የእኔ አሠራር እንዲህ ነው። ብሎን ስፈታ ወረቀት ላይ በተራ እደረድራለሁ፤ በላዩ ፕላስተር እለጥፋለሁ፤ ከሥሩ የባለቤቱን ስምና ቀኑን እጽፋለሁ። ስገጥም አንድ በአንድ እያነሳሁ ነው። ወረቀቱ ባዶ ሲሆን ሥራው አለቀ ማለት ነው። ይኼን ስንት ሰው አስተምሬያለሁ!

ከመሳቢያው ጀርባ ተጣጥፎ የወደቀ ወረቀት አገኘሁ። «መምሬ ወ/ሰንበት፣ ነሐሴ 15» ይላል፤ የእኔው ጽሕፈት ነው። ፕላስተሩ ደርቋል። ከሥሩ አንዲት አጭር ብሎን እንደተጣበቀች አለች።

ነሐሴ አሥራ አምስት! ማግሥቱ ፍልሰታ ይፈታል። ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ገብቼ፣ «በሬው መጥቷል፣ ናና እይ እንጂ!» እያሉ ስልኬን ሲያስጮኹት ነበር። ቸኩዬ ዘጋሁት። ሁለት ሳምንት ጾሜ፣ ለአንድ መደብ ሥጋ ብዬ የሰው ልጅ አረድኩ።

ብሎኗን አሰርኳት። ላፕቶፑን ሳበራው አርሴማ መጨረሻ ላይ የጻፈችበት ገጽ ተከፈተ፤ የጋብቻው መዝገብ። የመጨረሻው መስመር ላይ የእሷና የይስማው ስም፣ የካቲት 8፣ በተክሊል። ቀኑ ሳይደርስ በደስታ ብዛት ቀድማ ጽፋዋለች። ክዳኑን ወደ ኋላ አስተኛሁት፤ ወደ ፊት መለስኩት። ጽሑፉ ንቅንቅ አላለም።

አሁን ጀግና ሰው ቢሆን በቀጥታ ይሄዳል። እኔ ስልክ አነሳሁ።

«አባቴ፣ ነገሩ የሰው እጅ አይመስለኝም» አልኩ። «ኬብሉ በእርጅና ነው የተላጠው።»

«ብሎኗስ ልጄ? እሷም በእርጅና ነው የጠፋችው?»

«እሷማ... እዚሁ ውስጥ ወድቃ ነበር፤ ተገኘች።»

«እሰይ! ተመስገን!» አሉ መምሬ። ደስታቸው ጆሮዬን አቃጠለኝ። «ግን ግዝት በስልክ አይፈታም። እኔ የገዘትኩት አንተ በሕዝብ ፊት ቆመህ በመሰከርከው ነው። እሑድ ና፣ ያንኑ በሕዝብ ፊት ተናገር።»

ቤት ገብቼ እህል አልወርድ አለኝ። ያለምወርቅ አየት አደረገችኝና «ምነው? ግዝቱ አንተን ያዘህ እንዴ?» ብላ ሳቀች። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩላት፤ ለመምሬ ያልኩትንም ነገርኳት። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልጮኸችም።

«በግዝት ላይ ቆመህ ልትዋሽ?» አለች።

«ልጅቷን ያወጣታል እኮ! ሰው አልነካውም ካልኩ ማን ይጠረጥራታል?»

«አንተስ ከምን ትወጣለህ?» አለችኝ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ደመላሽ። የተናገርክበት ቦታ ሂደህ ንገራቸው።»

እሑድ አብራኝ መጣች። ከቅጥሩ ሥር ድንጋይ መርጬ አንገቴ ላይ አደረግሁ፤ ማረኝ የሚል ሰው ወጉ ይኼው ነው። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ «ብሎኗን የረሳሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ኬብሉን ያለቦታው የተውኩት እኔ ነኝ። መምሬን በስልክ የዋሸኋቸውም እኔ ነኝ። አርሴማ ንጹሕ ናት።» አንዲት አሮጊት «እግዚኦ!» አሉ። መምሬ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ «ሳላጣራ የቸኮልኩት እኔም አለሁበት» አሉና ግዝቱን ፈቱ፤ ንስሐዬን ሰጡኝ። ድንጋዩን ግን ማውረድ የእሳቸው አይደለም፤ የተበደለ ሰው ነው የሚያወርደው።

አርሴማ ከሴቶቹ መሃል ወጥታ መጣች። ከስታለች። ፊት ለፊቴ ቆመችና «ጋሼ ደመላሽ፣ ያን ቀን ሲከፍቱት ትዝ ብሎዎት ነበር?» አለችኝ።

ይኼንን ማንም ሊያውቅ አይችልም። አልነበረም ብል ማን ይመሰክርብኛል?

«ብሎኝ ነበር» አልኩ።

አርሴማ በሁለት እጇ ድንጋዩን ከአንገቴ አንስታ መሬት ላይ አኖረችው። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎ» አለች። «እኔም ይቅር ብያለሁ።» ያለምወርቅ እልል አለች። ሌሎቹም ተከተሏት።

ላፕቶፑን ለማስረከብ ቢሮ ገባን። አርሴማ ጠረጴዛው ላይ ከፈተችው። ስልኳ ጮኸ፤ አየችው፤ እስኪበቃው ጮኾ ዝም አለ።

«ይስማው ነው» አለች። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ደውሎ አያውቅም ነበር። ዛሬ ገና ከቅጥሩ ሳንወጣ ወሬው ደረሰው።»

ከዚያ የጋብቻውን መዝገብ ከፍታ ወደ መጨረሻው መስመር ወረደች። ስሟን፣ ስሙን፣ ቀኑን፣ አንድ በአንድ አጠፋችው።

«ምነው አርሴማ!» ብዬ ጮህኩ። «ግዝቱ ተፈታ እኮ! ለሠርጉ ገና ሳምንት አለ! እኔ ራሴ ጉንደ ወይን ሂጄ፣ ድንጋይ ተሸክሜ እነግራቸዋለሁ!»

«ይተዉ ጋሼ» አለች፤ ድምጿ አልተለወጠም። «እርስዎ አያውቁኝም፤ ቢጠረጥሩኝ አልፈርድብዎትም። እሱ ሦስት ዓመት ያውቀኛል። አንድ ቀን እንኳ ደውሎ ‹ነክተሽው ነበር ወይ?› ብሎ አልጠየቀኝም። እኔ እኮ ያንን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።»

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ክዳኑን ወደ ኋላ አስተኛችው፤ ወደ ፊት መለሰችው፤ ልክ ያን ቀን ሱቄ ውስጥ እኔ ሳደርግ እንዳየችኝ።

«አይንቀጠቀጥም» አለች። «ጥሩ አድርገው ሠርተውታል። እጅዎ ይባረክ።»

በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ሰው እጅህ ይባረክ ብሎኛል። የዚያን ቀን ግን እጄን የት እንደምደብቀው ጠፋኝ።