የስድስቱ መፈልፈያዎች ተራ

ወንድሜ ጫጩት አስፈልፋይ ነው። ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ ላይ ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለብቻው ተምሮ፣ የስድስቱን መፈልፈያ ማሽኖች ሙቀት የሚቆጣጠር ፕሮግራም ጽፎ ነበር። እንደ ልጅ ይሳሳለት ነበር። ያም ሆኖ ጠዋት ጠዋት ከየማሽኑ አንድ እንቁላል አውጥቶ ወደ ዐይኑ ቆብ ያስጠጋል። ካላቃጠለውና ካልቀዘቀዘው ሙቀቱ ልክ ነው ይላል።

እኔ ታናሽ እህቱ የተማርኩትም የምተዳደረውም በዚሁ በፕሮግራም መጻፍ ሙያ ነው። አንድ ቀን የጻፈውን አሳየኝ። ለአንዱ ማሽን የሚሆነውን ሠላሳ መስመር ስድስት ጊዜ ገልብጦታል። ሠራተኞቹ ፊት ሳቅሁበት፤ ይሄ ፕሮግራም ነው ወይስ ውዳሴ፣ አንዱን ነገር ስድስቴ የምትደግመው አልኩት። አብሮኝ ሳቀ፤ ግንባሩ ላይ ግን ላብ ችፍ አለ።

በግማሽ ቀን አሳጠርኩለት። የስድስቱን ማሽን ሙቀት በየተራቸው አሬይ በሚሉት አንድ የቁጥር ሰልፍ ውስጥ አሰለፍኩ። ሰልፉን ተቀብሎ ማሞቂያዎቹን የሚያበራና የሚያጠፋ አንድ ፋንክሽን፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚሠራ የትእዛዞች ጥቅል፣ ጻፍኩ። ከእሱ በፊት የሚሠራ ሌላ ፋንክሽንም ጨመርኩ፤ ያንኑ ሰልፍ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ መካከለኛውን ቁጥር በሩ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ያሳያል። ማንም አላዘዘኝም፣ ለጌጥ ነው። ስሞክረው ስድስቱም ማሽኖች እኩል ሞቀው ስለነበር እንከን አልታየም። ወንድሜ ደግመሽ እዪው ብሎኝ ነበር። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ብሎም ተረተብኝ። አልሰማሁትም።

በማግስቱ ጠዋት ጠራኝ። እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ሦስት ቀን ቀርቷቸዋል።

"የአንደኛው ዐይኔን አቃጠለኝ፤ የስድስተኛው ደግሞ ቀዝቅዟል" አለኝ።

ሰሌዳውን አየሁ። ሠላሳ ሰባት ተኩል ይላል፣ ልክ እንደሚፈለገው።

"ጋሼ፣ ሰሌዳውን እመን እንጂ። በዐይን ቆብ የሚሠራበት ዘመን አልፏል።"

እንቁላሉን መለሰው። አመነኝ፤ ከዚያ ወዲያም እንቁላል ወደ ዐይኑ አላስጠጋም።

በሦስተኛው ቀን ከአንደኛውና ከስድስተኛው ማሽን አንድም ጫጩት አልወጣም። እሱ እንቁላሎቹን በባልዲ እያወጣ፣ እኔ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ጥፋቱን አገኘሁት። ሲ አሬይን ለፋንክሽን ሲያቀብል ቅጂ አይሰጥም፤ ዋናውን ነው የሚያስነካው። ለጌጥ ያልኩት ፋንክሽን የደረደረው ዋናውን ሰልፍ ነበር። ስለዚህ ትንሹ ቁጥር ሁልጊዜ ለአንደኛው ማሽን፣ ትልቁ ለስድስተኛው ይደርሳል። አንደኛው በርዶታል ተብሎ ሲነድድበት፣ ስድስተኛው ሞቆታል ተብሎ ጠፍቶበታል። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር።

ወንድሜ እጁን እየጠራረገ ገባ።

"ሙቀቱን የሚያነበው የኔ ክፍል ነው መሰለኝ ያበላሸው" አለ። "ድሮም የማላውቀው ነገር ውስጥ መግባት አልነበረብኝም።"

ዐይኔን በጨው አጥቤ ጥፋቴን ሸሸግሁት። ፋንክሽኑ ቅጂውን እንዲደረድር በሁለት መስመር አረምኩና ተስተካክሏል ብቻ አልኩት። በዚያው ሳምንት መጽሐፉን አምጥቶ ላንቺ ይሁን አለኝ። ተቀበልኩት። ከዚያ በኋላ አንዲት መስመር እንኳ አልጻፈም።

እውነቱን የነገርኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ባልዲ እያጠበ ነበር። ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልተቆጣም። እንዲያውም በእርጥብ ጣቱ ሲሚንቶው ላይ ስድስት ሳጥን ሥሎ፣ ዋናው የቱ ጋ ነው፣ ቅጂው የቱ ጋ ነው እያለ እስኪገባው ድረስ ጠየቀኝ። ወዲያው ነው የገባው። ሳጥኖቹ እስኪደርቁ ድረስ አያቸው።

"ያኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? እኔ እኮ ጭንቅላቴ አይቀበለውም ብዬ ነው የተውኩት።"

መጽሐፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ዘረጋሁለት።

እጄ እርጥብ ነው አለኝና ባልዲውን ማጠቡን ቀጠለ።